የጠፋው ልኩ ነው

በአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ጠዋት ጠዋት ከማይጠፉ ትዕይንቶች አንዱ ይህ ነው። ቱታ የለበሰ ወጣት መካኒክ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ግሪስ የጠጣ ብረት ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። «ጋሼ፣ የኤንትሬ ነው፤ ይኖርዎት ይሆን?» ባለ ሱቁ ብረቱን ሳይሆን ልጁን ያዩታል። «የኤንትሬ? እሱማ ድሮ ቀረ፣ ልጄ። አስመራ ካልተገኘ የትም የለም።» ሁለተኛው ሱቅም መልሱ ያው ነው፤ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ግን ሰውየው ብረቱን ተቀብለው በጨርቅ ይጠርጉታል፣ ጠርዙን ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ «ስድሳ ሦስት አሥር» ይላሉ፤ ከኋላቸው ካለው መደርደሪያም አንድ ካርቶን ያወርዳሉ። ዕቃው የኤንትሬ ብቻ አልነበረም። ከውሃ መሳቢያ እስከ ወፍጮ በብዙ ማሽን ውስጥ የሚገባ ተራ ኩሽኔታ ነው፤ «የለም» ባሉት ሱቆችም ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ልጁ በመኪናው ስም ጠየቀ፣ እነሱም ስለ መኪናው መለሱለት።

ኤንትሬ፣ በሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ገበያ የወጣው የ682 ቤተሰብ አባል ነው። ቤተሰቡ ለውጭ ገበያ መመረቱ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ የዘለቀ ሲሆን «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ቅጽል አትርፏል። ሞተሩ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች አሉት፤ የእያንዳንዱ ስፋት 125፣ የፒስተኑ ጉዞ 145 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተደምሮ 10,676 ሲሲ ይሆናል። ቀርፋፋና ጩኸታም ነው፤ ዳገት ላይ ረዳቱ ወርዶ ጎን ለጎን ሊራመድ ይችላል እየተባለ ይቀለድበታል። ሆኖም ከአሰብ አዲስ አበባ የገባው ጭነት ለረጅም ዘመን በእሱና በተሳቢው ጀርባ ላይ ነው የመጣው። ዛሬ የቀሩት በአብዛኛው ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ጎማቸው መሬት ነክቶ፣ በውስጣቸው ሣር በቅሎ ይታያሉ። የአባታቸውን መኪና አድሰው ማስነሳት የሚሹ ልጆች፣ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ያልቆመውን እንዳይቆም የሚታገሉ ባለንብረቶች አሉ። ሁሉም የሚያነሱት ችግር አንድ ነው፦ ዕቃ የለም። ይህ አባባል በአመዛኙ ስህተት ነው ባይ ነኝ። አልተገኘም ከሚባለው ዕቃ አብዛኛው ከዓለም አልጠፋም፤ ከቁጥሩና ከልኩ ጋር ነው የተለያየው። ስለዚህ እድሳት የሚጀምረው ከመፍቻው ሳይሆን ከካሊፐሩና ከደብተሩ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ከባድ መኪና እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ይበቃል። የመኪናው ፋብሪካ ሻንሲውን፣ የሞተሩን ብሎክ፣ የብሎኩን ክዳን ቴስታታውን፣ የማርሽ ሳጥኑን ካምቢዮውን ይሠራ ይሆናል፤ ኩሽኔታውን፣ የዘይት ማገጃውን ፓራሊዮ፣ የነዳጅ ፖምፓውን፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውንና የአየር ፍሬኑን ክፍሎች ግን በአብዛኛው ከሌላ አምራች ነው የሚገዛው። ለምሳሌ ኩሽኔታ በዓለም ዙሪያ በአንድ የቁጥር ሥርዓት የሚመራ ዕቃ ነው። 6310 ሲል የመጀመሪያው 6 ባለ አንድ ረድፍ ጥይት መሆኑን፣ 3 የወፍራምነቱን ደረጃ ይነግራል፤ የመጨረሻው 10 በ5 ሲባዛ የመሀል ቀዳዳውን 50 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። የውጭው 110፣ ውፍረቱ 27 ነው፤ በስዊድን ተሠራ በጃፓን ወይም በቻይና ይህ አይለወጥም። ጣሊያን ውስጥ ቪላር ፔሮሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1906 የተቋቋመው ሪቭ ለፊያት ኩሽኔታ ሲያቀርብ ኖሮ በኋላ በስዊድኑ ኤስ.ኬ.ኤፍ. ሥር ገባ። ሪቭ የሚል ካርቶን ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ልኩን የያዘ ኩሽኔታ ግን እንደ ልብ ነው። ፓራሊዮም ከዚህ አይለይም፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት፤ ሦስት ቁጥር ጎማው ላይ ተጽፎ ይገኛል። የነዳጅ ፖምፓው ደግሞ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት ከጀመረው ዓይነት ከሆነ ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ታርጋ ብዙ ትናገራለች። «ፒ ኢ 6» ካለች የራሱ ካም ያለው ባለ ስድስት መስመር ፖምፓ ነው፤ ከሚቀጥለው ፊደል በኋላ 90 ካለች ነዳጁን የሚገፋው ዘንግ ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ይህችን ታርጋ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ የሚያጠፋ ሰው የመኪናውን ግማሽ ታሪክ ነው የሚያጠፋው፤ ሲደረግ ግን በየጋራዡ ይታያል።

ታዲያ ገበያው ለምን በመኪና ስም ይጠይቃል? መልሱ ገበያው ራሱ የተደራጀው በዚያ መንገድ ስለሆነ ነው። የኢሱዙ ሱቅ አለ፣ የኢቬኮ አለ፣ የሲኖትራክ አለ። ሻጩ ብዙ የሚንቀሳቀሰውን ዕቃ በመኪናው ስም ማወቁ ለንግዱ ይበቃዋል፤ በቀን መቶ ሰው ለሚመጣበት ሱቅ ትክክለኛም አሠራር ነው። መኪናው ከመንገድ ሲወጣ ግን ስሙም ከመደርደሪያው ይወጣል፤ ዕቃው በሌላ ስም እዚያው ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው። ከቁጥሩ የተለየ መለዋወጫ አድራሻው እንደጠፋ ደብዳቤ ነው። በስምና በልክ መካከል ድልድይ ሆነው የኖሩት አሮጌዎቹ መካኒኮች ናቸው። «የዚህን ፍሬን ጎማ የዚያኛው ይተካዋል፣ ይህችን ቀለበት ግማሽ ሚሊ ብታስበላት ትገባለች» የሚለው እውቀት ከጌታ ወደ ረዳት በአፍ የተላለፈ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ጉድለቱ ግን አለመጻፉ ነው። በጣሊያን በኩል ነገሩ የተለየ መልክ አለው። ፊያት የታሪክ ማዕከሉን ቶሪኖ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 ከፍቶ ሥዕሎችንና ሰነዶችን ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ እዚያ አሮጌ ከባድ መኪና የሚያድስ ሰው የመለዋወጫ መጽሐፉን ይዞ ነው የሚነሳው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊያት የከባድ መኪና ሥራውን ከኦኤም፣ ከላንቻ፣ ከፈረንሳዩ ዩኒክና ከጀርመኑ ማጊሩስ ጋር አዋህዶ ኢቬኮን መሠረተ። አዲስ አበባ ያለው የመገጣጠሚያ ፋብሪካም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ ዛሬ አምቼ የምንለው፣ የዚሁ ሐረግ ነው። በመካከሉ ብዙ ቁጥር ተለውጧል። አሮጌውን የፊያት ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው «ተቋርጧል» የሚል መልስ ያገኛል፤ ተከታዩን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ሊያገኝ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል መስሎ ከሆነ ክርክሬን አቅልዬዋለሁ ማለት ነው። ልክ መውሰድ የራሱ ወጥመድ አለው፤ በእጃችን ያለው ዕቃ ያረጀ ስለሆነ የምናገኘው ልክ የእርጅናውን ልክ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራን ሲሊንደር መሀሉ ላይ የለካ ሰው 125 ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ያነባል፣ በዚያም ቁጥር ፒስተን ሲፈልግ ይከርማል። ብልህ ለኪ የፒስተኑ ፋሻ ያልደረሰበትን የላይኛውን ጠርዝ ነው የሚለካው፤ እዚያ ፋብሪካው የተወው ልክ ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ዘንግም ሲሆን ፓራሊዮው የከረከረውን ቦይ ትቶ ጎኑን መለካት ነው። ክራንክ ሻፍት ላይ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ከዚህ በፊት ተልጦ ሊሆን ይችላል፤ ዘንጉን የሚያቅፈው ብሮንዚና በሩብ ሚሊ ሜትር ደረጃ፣ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እያለ የሚወፍር ነው። ስንተኛው ልጠት ላይ እንዳለ ሳይታወቅ «የኤንትሬ ብሮንዚና» ብሎ ማዘዝ ገንዘብ መበተን ነው። የመላጫ ቤቱ ሠራተኛ በተራው፣ ዘንጉ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን ክብ ጥግ ቀጥ አድርጎ ከላጠው፣ ልኩ በማይክሮሜትር ፍጹም ቢሆንም ክራንክ ሻፍቱ አንድ ቀን እዚያው ጥግ ላይ ይሰበራል። ልክ ስል ቅርጹንም ማለቴ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

አንድ ልክ መግጠሙ ዕቃው ገጠመ ማለት እንዳልሆነ ፒስተን ጥሩ ማስረጃ ነው። የጀርመኑ ማን ዲ 2566 ሞተር ሲሊንደሩ ልክ እንደ ኤንትሬው 125 ሚሊ ሜትር ነው። «እንግዲያው የማን ፒስተን አስገባ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ፋሻው እንኳ ሊያታልል ይችላል። ነገር ግን የማን ፒስተን 155 ሚሊ ሜትር ነው የሚጓዘው፣ የኤንትሬው 145። ፒስተኑን ከቢየላው የሚያገናኘው ፒን ውፍረት፣ ከፒኑ እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ቁመት፣ አናቱ ላይ ነዳጁ የሚቃጠልበት ጎድጓዳ፣ የፋሻዎቹ ስፋት፣ እነዚህ ሁሉ አብረው መግጠም አለባቸው። ቁመቱ ብቻ ቢበልጥ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል፤ ቢያጥር ደግሞ ሞተሩ ጠዋት አይነሳም። ስለዚህ «ልኩን ያዝ» ስል አምስትና ስድስት ቁጥር ያለው ዝርዝር ያዝ ማለቴ ነው። ዝርዝሩ ካለ ፒስተን አምራቾች በሚያወጡት ካታሎግ ውስጥ በስፋት፣ በፒንና በቁመት ፈልጎ ማግኘት፣ ካልሆነም ማሠራት ይቻላል። ዝርዝሩ ከሌለ ግን ካታሎጉ ራሱ ምንም አይረዳም።

የመጀመሪያውና ጠንካራው ተቃውሞ ከቶርኖ ቤት ነው የሚመጣው፦ «ለምን ትደክማለህ፣ አምጣው እንሠራዋለን።» የአገራችን ቶርኖ ቤቶች ያቆዩትን መኪና ብዛት የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም። ቡሽ፣ ፒን፣ ቀለበት፣ ብሎን፣ የውሃ ፖምፓ ዘንግ፣ እነዚህ ከቶርኖ ቢወጡ ምንም ነውር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ብረቱ ከቅርጹ በላይ በሆነበት ቦታ ነው። የካምቢዮ ጥርስ ላይ ላዩ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ውስጡ ግን ለዘብ ያለ ነው፤ ያ በእሳትና በካርቦን የሚመጣ እንጂ በቶርኖ ስለት የሚመጣ አይደለም። ተራ ብረት ተቆርጦ ቢገባ ለወራት ይሠራና ጥርሱ ይላጣል። የመሪ ዘንግና የፍሬን ክፍል ደግሞ ሲሰበሩ የሚሞተው መኪናው ብቻ አይደለም። አሮጌውን ዕቃ አሸዋ ላይ አትሞ አዲስ ማቅለጥም ሌላው መንገድ ነው፤ ይህም ልክን ማወቅ ይጠይቃል። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ገደማ ይኮማተራል፣ አልሙኒየም ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ 400 ሚሊ ሜትር የሆነ አሮጌ ዕቃ በቀጥታ ከታተመ የሚወጣው አዲስ ዕቃ 4 ሚሊ ሜትር አጥሮ ነው፤ ብሎኖቹም ቀዳዳቸውን ያጣሉ። የፋብሪካው ሥዕል በእጁ ያለ ሰው ማተሚያውን አስቀድሞ በዚያ መጠን አግዝፎ ያሠራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቀልጣፋ መፍትሔ ይመስላል፦ የቆመ ኤንትሬ ገዝቶ መፍታት። በር፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፣ የዲፈረንሻል ቤት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዕቃ ብርቅ የሚሆነው በሁሉም መኪና ላይ ስለሚያልቅ ነው። የአንዱን ፋሻ የጨረሰው መንገድና ጭነት የሌላውንም ጨርሶታል፤ የአንዱን ቴስታታ የሰነጠቀው ሙቀት የሌላውንም ሰንጥቆታል። ስለዚህ የሚፈታው መኪና በአብዛኛው የሚሰጠው የማያስፈልገንን ነው። ለመለካት ግን ወደር የለውም። ሁለት ወይም ሦስት የቆሙ ኤንትሬዎችን ጎን ለጎን የለካ ሰው ያላረጀውን ጥግ ከአንዱ፣ የጠፋውን ታርጋ ከሌላው አግኝቶ ሙሉውን ልክ ይሰበስባል። በተለይ መሪው አካባቢ ይህ ያስፈልጋል፤ ጣሊያኖች በዚያ ዘመን ከባድ መኪናቸውን ለተራራ መንገድ ብለው መሪውን በቀኝ ያደርጉ ስለነበር፣ ባለ ቀኝና ባለ ግራ መሪ መኪኖች ዘንጎቻቸው አይመሳሰሉም፣ በመጽሐፉም ቁጥራቸው የተለያየ ነው።

ሦስተኛው አስተያየት ከሁሉ የበለጠ ዘመናዊ ነኝ የሚለው ነው፦ ሞተሩን አውጥቶ የዘመኑን መግጠም። ለሥራ ብቻ ለሚፈልገው ሰው አልከራከርም። እድሳት ለሚል ሰው ግን አንድ የጠፋ ዕቃ ለማምለጥ ሃያ አዲስ ችግር መግዛት ነው። የሞተሩ እግር አይገጥምም፤ የፍሪሲዮኑ ቤት አይገጥምም፤ ፈጣኑ ሞተር ለቀርፋፋው ካምቢዮ አልተሠራም፤ ማቀዝቀዣው ሌላ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም ስለሚለወጥ ጉዳዩ ከጋራዥ ወጥቶ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ቢሮ ይገባል። እያንዳንዱ ማገናኛም በልክ መሠራት አለበት፤ ከልክ የሸሸ ሰው ተመልሶ ልክ ላይ ይወድቃል።

ከካርቶኑ ያልወጣ፣ «ኦርጅናል» የሚባለውን አሮጌ ዕቃ ማሳደድም ሌላው ሕመም ነው። የጣሊያን ጽሑፍ ያለበት፣ ወረቀቱ የደበዘዘ ካርቶን ዓይን ይማርካል፣ ዋጋውም እንደዚያው ይወደዳል። ብረት ከሆነና ዝገት ካልያዘው መልካም። ጎማ ከሆነ ግን አርባ ዓመት መደርደሪያ ላይ መቀመጡ አላዳነውም፤ ፓራሊዮው ደርቋል፣ የፍሬኑ ዲያፍራም ተሰነጣጥቋል፤ በትክክለኛ ልክ ትላንት የተሠራው ይሻላል። የፍሬን ሸራ ከሆነ ደግሞ በዚያ ዘመን አስቤስቶስ ነበረበት፤ ጣሊያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1992 በሕግ የከለከለችው፣ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚያበላሽ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ኦርጅናል ካርቶኑን ለጌጥ አስቀርቶ ሸራውን በጥንቃቄ ማስወገድ እንጂ መግጠም አይገባም።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ጭሳም መኪና?» የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። ኤንትሬ ወደ ጭነት መንገድ ይመለስ የሚል የለም፤ ፍሬኑም ጭሱም ለዛሬ መንገድ አይሆንም። ነገር ግን ኤንትሬ ላይ የደረሰው ነገ በሌላው ላይ ይደርሳል። አሁን መንገዱን የሞሉት የቻይና መኪኖች ሞዴላቸው በየጊዜው ይለወጣል፤ አምራቹ ማምረት ሲያቆም ባለንብረቱ ያው በመኪና ስም ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሳይገጥም የሚቀር የውጭ ዕቃ ማስመጣት ከምንጊዜውም በላይ ያከስራል። ልክን አጣርቶ ማዘዝ ለአሮጌ መኪና ወዳጅ ብቻ የሚሆን ጥንቃቄ አይደለም።

እውነት የጠፋ ዕቃ የለም እያልኩ አይደለም። የተሰነጠቀ ቴስታታ አለ፤ የኤንትሬን ቴስታታ ሌላ መኪና አይሠራውም፣ ኩሽኔታ ሻጭም አያመጣውም። እዚያ ምርጫው ስንጥቁን በቀዝቃዛ ብሎን መስፋት፣ አሙቆ በኒኬል ዘንግ መበየድ፣ ወይም ጣሊያን ውስጥ መፈለግ ነው፤ ሦስቱም ውድ ናቸው፣ ሦስቱም ሊከሽፉ ይችላሉ። ይህን ገንዘብ ማውጣት የሚችለው ግን የቀረውን ዕቃ ሁሉ በርካሽ በልኩ ያገኘው ሰው ነው።

የቀረው ተቃውሞ የመካኒኮቹ የራሳቸው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የማከብረውም እሱን ነው። «የማውቀው ልክ እንጀራዬ ነው፤ ደብተር ላይ ከጻፍኩት ጎረቤቴ ይወስደዋል» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ብረት ሲሸጥ እንጂ ብረት ሲለይ ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም። ዕቃውን ጠርጎ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ ተተኪውን የነገረ ሰው ገዢው ሌላ ሱቅ ሄዶ ቢገዛ ባዶ እጁን ይቀራል፤ «የለም» ማለት ለሻጩ ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ለመለየቱ ራሱ ዋጋ ማውጣት ይመስለኛል፦ ሐኪም ለምርመራ እንደሚያስከፍለው መካኒኩም ለልክ ያስከፍል፣ በምትኩም የተፈረመበት የልክ ዝርዝር ይስጥ። መኪና የሚያድስ ሰው ይህን በደስታ ይከፍላል፤ ለማይገጥም ፒስተን የሚያወጣውን ሲሶ እንኳ አያህልም። እውቀቱን የያዙት ሰዎች በዕድሜ እየገፉ፣ የሚጠይቃቸውም በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሆነ፣ ይህ ዋጋ ሊወጣለት የሚችለው አሁን፣ ደንበኛውም ለኪውም ባሉበት ጊዜ ነው።